ውሃ የከበበው እልፍኝ

ወደዚያ ቤተ መንግሥት የሄድነው ልናየው ብለን አልነበረም። አገር ጎብኚ ሄዶ ግንቡን ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። እኛ የሄድነው አንድ ቄስ ፍለጋ ነበር።

የልጅ ልጄ ወደ ሰሜን ከዘመተ ብዙ ክረምት አልፏል። ጦርነቱ አበቃ ተባለና ከኛ ቀበሌ ከዘመቱት አንዳንዶቹ በክራንች ተመለሱ፣ የአንዳንዶቹም መርዶ መጣ። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ደጅ ቆመው እንደ ወጉ አረዱ፤ ተለቀሰ፣ ፍትሐት ተደረገ፣ ተዝካር ወጣ። የኛ ልጅ ግን ከተመለሱትም ከሞቱትም ወገን አልሆነም። አብረውት የሄዱትን ጠየቅን። አንዱ፣ «ባንድ መኪና ተጭነን ነበር፣ ከዚያ ለያዩን» አለን። ሌላው ጫማ ጫማውን ያይ ነበር። ቀበሌ ብንሄድ ወረዳ ጠይቁ፣ ወረዳ ብንሄድ እኛ ጋ ወሬው የለም አሉን።

የልጁ እናት የኔ ልጅ ናት፤ ከሱ ሌላ አልወለደችም። ሚስቱ ደግሞ አብራው የኖረችው አንዲት በጋ ብቻ ነው። እሱ ሲዘምት ወደ ወላጆቿ አልተመለሰችም፣ ከኛው ጋር ቀረች። ገብሱን አብራን ታጭዳለች፣ በጉን ታግዳለች፣ አማቷ ስትታመም ደግሞ አገላብጣ የምታጥባት እሷ ነበረች።

ልጄ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሕመሙ ሲጠናባት ግን አንድ ሐሳብ ያዛት። «እኔ ስሞት ይቺ ልጅ ትሄዳለች። ልጄ ሲመጣ ምድጃው ቀዝቅዞ፣ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል» እያለች ታለቅስ ጀመር። የነፍስ አባቷን አስጠራች። ቄሱ መጡ፣ ልጅቱን አልጋው ሥር አቆሟትና መስቀላቸውን አውጥተው፣ «ባልሽ እስኪመጣ፣ ወይ ቁርጡ እስኪታወቅ ድረስ ሌላ ባል ብታገቢ፣ በሐዋርያት ሥልጣን ገዝቼሻለሁ» አሏት። ልጅቱ መስቀሉን ተሳለመች። ምን ታድርግ? የምትሞት ሴት እያየቻት ነው። ልጄ በዚያው ሳምንት ዐረፈች።

ዓመታት ሄዱ። ቄሱ ሚስታቸው ሞታባቸው ደብሩን ትተው መነኮሱ፤ የት እንደገቡ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ። ልጅቱ ገበያ ስትሄድ ጠጉሯን በደንብ መሠራት መጀመሯን አየሁ። ሞላሌ ገበያ ጨውና ላምባ የሚሸጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ጠይቋታል ለካ።

«ደግ ሰው ነው?» አልኳት።

«ሚዛኑን በጣቱ አይጫንም እምዬ።»

ሳቅኩ። ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገኝም ነበር። ግን ግዝቱስ? የደብራችንን አዲሱን ቄስ ብንለምናቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «እሱ ያሰረውን እሱ ይፍታው። የሰው ግዝት ነክቼ እኔ ልቀሰፍ?» አሉን። የሞላሌው ሰውዬም ቤቱ ባዶ ነው፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ቁርጡን ንገሩኝ አለ። ዕድሜዋ እየሄደ ነው፤ ልጅ ልትወልድ ትፈልጋለች፤ ይኼን አፍ አውጥታ አላለችኝም፣ ግን የጎረቤት ሕፃን ስትታቀፍ አይቻለሁ።

እኔ እግሬ ቤት አይወድም። ከጓሳ አፋፍ እስከ መርሐቤቴ ቆላ ያልረገጥኩት ደብር ጥቂት ነው። ለንግሥ በሄድኩበት አንድ ቦታ፣ ያ ቄሳችን ሐይቅ መሀል ባለ ገዳም መመንኮሳቸውን ከአንዲት ባልቴት ሰማሁ። የሐይቁን ስም እዚህ አልናገረውም፤ አባቶቹ ስማቸው በሰው አፍ እንዲዞር አይፈልጉም። ተመልሼ ልጅቱን፣ «በሶ ፍጪ፣ እንሄዳለን» አልኳት።

ከሞላሌ በአውቶቡስ ወጣን። ልጅቱ ከመንዝ ወጥታ ስለማታውቅ መኪናው በዞረ ቁጥር ታስመልሳለች። ብርዱ እየቀነሰ ሲሄድ በርኖሴን አውልቄ አቀፍኩት። መኪና ቀይረን፣ ሰው ቤት አድረን፣ በማግሥቱ ጧት ከኮረብታው ቁልቁል ሐይቁ ታየን። መጀመሪያ ሜዳ መሰለኝ፤ እኛ አገር ጧት ጧት ጉም ገደሉን ሞልቶ ሲተኛ እንደዚያ ነው፣ የሚረገጥ ይመስላል። ልጅቱም እንደኔ ነው ያየችው መሰለኝ፣ «እምዬ፣ ይኼ ሁሉ ጉም አይነሣም?» አለች።

ዳር ላይ ባለ ታንኳ አገኘን፤ ጢሙ የሸበተ፣ ቆብ ያደረገ ሰው።

«እማሆይ፣ ወዴት ነው?»

«እማሆይ አይደለሁም። ወደ ገዳሙ ነን።»

«ሴት እኮ ገዳሙ አትገባም።»

«እናውቃለን። ድሮ የመንዝ ቄስ የነበሩትን አባት እርስዎ ይጥሩልን።»

«እንግዲያው ቤተ መንግሥቱ ጋ ነው የማወርዳችሁ። ለሴት የተፈቀደው እስከዚያ ነው።»

«ቤተ መንግሥት?» አለች ልጅቱ ደንግጣ። «ማን አለበት?»

«ቁራ» አለ ሰውየው፣ ታንኳውን እየገፋ።

ታንኳ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ቁጡ በቅሎ ትናጣለች። ጸሎቴን ዋጥ ዋጥ እያደረግሁ ተቀመጥኩ። ሰውየው እየቀዘፈ ያወራል። ድሮ አንድ ንጉሥ ይኼን ግንብ ለሚስቱ አሠራላት፤ ከዚያ ዘመተ። ንግሥቲቱ ክፉ ወሬ የያዘ ሰው ውሃውን እንዳይሻገር ብላ አዘዘች። መርዶ የያዘ መልእክተኛ ከዳር ደርሶ ቢለምንም የሚያሻግረው ታንኳ አጣ። ዳር ያለው አገር በሙሉ አልቅሶ፣ ተዝካሩን በልቶ ሲጨርስ፣ እሷ እዚህ በየማታው የንጉሡን ራት ታቀርብ ነበር አለን።

«በኋላስ መቼ ሰማች?» አለች ልጅቱ።

«አልሰማችም ይላሉ።»

«እስክትሞት?»

«እኔ ምን አውቄ እህቴ። አባቴ የነገረኝን ነው። አባቴ ደግሞ ሲያወራ ትንሽ ይጨምራል።»

እውነት ይሁን ውሸት እግዜር ይወቅ። ልጅቱ ግን እጇን ውሃው ውስጥ እንዳስገባች ቀረች።

ግንቡ ከሐይቁ ውስጥ የበቀለ ነው የሚመስለው። ደረጃው ከውሃው ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ታችኞቹ ደረጃዎች ሰምጠው፣ አረንጓዴ ጠጉር አብቅለው ከሥር ይታያሉ። ከታንኳ የሚወርድ ሰው እንዲወጣባቸው የተሠሩ አይመስሉም፤ ከውሃው ሥር የሚመጣ ሰው እንዲወጣባቸው የተሠሩ ይመስላሉ። ሰውየው አወረደንና፣ ወሰን ሆነው በተርታ የቆሙትን የወይራ ዛፎች አልፎ ወደ ገዳሙ ሄደ። እኛ ወደ ውስጥ ገባን።

አዳራሹ ጣራ የለውም። መሀሉ ላይ ሾላ በቅሎ፣ ሥሩ የወለሉን ድንጋይ ገልብጦታል። ከአዳራሹ ጀርባ ግን ግድግዳዋ ሙሉ የሆነ አንዲት እልፍኝ አለች፣ ባንድ መስኮት ወደ ውሃው የምታይ። የንግሥቲቱ እንደሆነች ማንም ሳይነግረን ገባን። ነፋስ ስለሌለባት እዚያ ተቀመጥን። የመስኮቱ ደፍ ድንጋይ ሁለት ቦታ ላይ ጎድጉዷል። ልጅቱ ሄዳ ወደ ውሃው ስታይ፣ ሳታስበው ክርኖቿን ጉድጓዶቹ ላይ አሳረፈች። ለሷ የተለካ ይመስል ልክክ አሉ።

«ተነሺ ከዚያ» አልኳት።

ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ፣ «ከዚያ... ከዚያ...» አለ። ሁለታችንም ክው አልን። እልፍኟ ትንሽ ቃል ሁሉ ታስተጋባለች። ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ ሆነ የምንነጋገረው፣ ሰው እንደተኛበት ቤት።

ጠበቅን። በሶ በጠብጠን ጠጣን። ፀሐይ ስትዞር ከውሃው የምትመለሰው ብርሃን ግድግዳው ላይ ትሄድ ጀመር። ሰዎች በመስኮቱ ሥር ባለ መንገድ ተራ በተራ የሚያልፉ ይመስል ነበር፤ ደግሞ እኮ እዚያ መንገድ የለም። ደረጃው ሥር ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ጸጥ ይላል፣ እንደገና ይንቦጫረቃል። ሰው ሊወጣ ብሎ የሚያመነታ ይመስላል። እኔ ብዙ መቃብር ቤት አድሬ የማውቅ ሴት ነኝ፤ ሙታንን አልፈራም። እዚያ ውስጥ የፈራሁት ግን የሞተ ሰው አልነበረም። መጠበቁን ነው የፈራሁት። ግድግዳው ጠጥቶት፣ እንደ እርጥበት ይወጣ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሳል ሰማን።

ወንድ ሰው ወደ ቤት ሲገባ አጥር ሥር ቆም ብሎ የሚያሰማው ዓይነት፣ መጣሁ የሚል ሳል። የልጅ ልጄ ከገበያ ሲመለስ እንደዚያው ነበር። ልጅቱ ብድግ አለች፤ ፊቷ አመድ ሆነ። እኔም ግድግዳውን ይዤ ተነሣሁ።

በሩ ላይ የቆሙት ቢጫ ቀሚስ የለበሱ መነኩሴ ነበሩ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መነኩሴውን ሳይ አዘንኩ። ዞር ብዬ ልጅቱን አየኋት። እሷ ፊት ላይ ኀዘን አልነበረም። ደረቷን ይዛ፣ ከገደል አፋፍ እንደተመለሰ ሰው ትተነፍስ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ለኔ የሚናፈቅ ልጅ ነው፤ ለሷ ግን በየምሽቱ ከበሩ ውጭ የሚቆም፣ የማይገባ የማይሄድ ጥላ ሆኖባታል። ይኼን ሁሉ ዓመት ባንድ ጣራ ሥር ስንተኛ አላየሁትም።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አሉ መነኩሴው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

ድምፃቸውን አወቅሁት። «እርስዎን ነው አባ። የመንዙን ቄሳችንን። ልጄን ያናዘዙትን።»

«ያ ቄስ ሞቷል» አሉ። «ስንመነኩስ ፍትሐት ይደረግልናል፣ እንደ ሬሳ። በዚያ ስም የሚጠራ ሰው እዚህ የለም። ሰው ወደ ሙት አይመጣም እናቴ፣ በከንቱ ደከማችሁ።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አባ፣» አልኩ፣ «ቄሱ ከሞቱ ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸው ያሰሯት ልጅ ግን ይቺትና በሕይወት ቆማለች። አስሩልኝ ያለችውም ልጄ ሞተች። ሙታን ያሰሩትን ማን ይፈታል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እርስዎ ይንገሩኝ።»

መነኩሴው በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ያው የድሮው ቄሳችን ሆኑ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው።

«ቃሉ ምን ነበር?» አሉ።

ልጅቱ ፊቷን ሳትመልስ ነገረቻቸው። አንዲት ቃል አልሳተችም።

«ቁርጡ እስኪታወቅ ነው ያለው?»

«አዎ አባ።»

«ታዲያ ቁርጡ ታወቀ?»

ደረጃው ሥር ውሃው ተንቦጫረቀ።

«እንግዲህ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቁርጡ ከታወቀ ግዝቱ አብሮ ይወድቃል፣ እኔም ይፍታሽ እላታለሁ። ቁርጥ ደግሞ የሚወጣው ከሥጋ ዘመድ አፍ ነው። ለቅሶ ተቀመጡ የሚለው ሥጋው ነው። ከሥጋው ማን ቀርቷል?»

«እኔ» አልኩ።

ልጅቱ ዘወር አለች። መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። «እምዬ፣ አይበሉ። በፈጠረዎት አይበሉ። እንመለስ። ሰውየውን ተወው እለዋለሁ። እኔ እለመዳለሁ።»

እኔ እለመዳለሁ! ይቺን ቃል ባትል ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

የልጅ ልጄ ትዝ አለኝ። ጓሳ ተከልሎ ቆይቶ ለአጨዳ በተፈቀደበት ዓመት ሣሩን አጭዶ፣ በአህያ ጭኖ፣ ቤቴን የከደነው እሱ ነው። የጓሳ ሣር ክዳን ዕድሜው ረዥም ነው፤ ያን ጊዜ ገና ጠብ አይልም ነበር። ጣራው ላይ ሆኖ፣ «አንቺ አሮጊት፣ ይኼ ክዳን ከአንቺ በላይ ይኖራል!» እያለ ሲስቅብኝ ይታየኛል። እሱ የከደነልኝ ጣራ ሥር እየተኛሁ ሞተ ልበል? ዝም ብል ደግሞ ይቺ ልጅ ክርኗን ድንጋይ ላይ አድርጋ ልታረጅ ነው። ለሱ ሞተ ብል ባልል አልጨምርለትም፣ አልቀንስለትም። እሷን ግን...

«ሞቷል» አልኩ።

እኔ ያልኩት አንዴ ነው። ግድግዳው ግን ከዚህም ከዚያም እየተቀባበለ ደጋግሞ አለው፣ ብዙ ሰው ያረዳኝ እስኪመስለኝ። መርዶውን ነጋሪዋም ሰሚዋም እኔው ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ያደረግሁት ነገር የለም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸረጥኩ። በርኖሴን መሬት ላይ ዘረጋሁት፣ አስከሬን እንደሌለው ለቅሶ። ልጅቱ የሰው ድምፅ በማይመስል ድምፅ ጮኸች። ይኼን ሁሉ ዓመት ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም፤ ያልሞተ ባል ቢለቀስለት ሟርት ነው ይሏታላ። ደረቴን እየመታሁ የመጣልኝን አወጣሁ፤

ዘመተ ያሉኝን በደህና ሸኝቼ፣
ድንጋይ ላይ አለቀስኩ አስከሬን አጥቼ።

እኛ ሁለት ሴቶች ነን። እልፍኟ ግን ተቀበለችን። የኔን ድምፅ ወስዳ ብዙ አድርጋ ትመልሳለች፣ የልጅቱን ጩኸት ወስዳ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ታዞረዋለች። አገር የተሰበሰበ ይመስል ነበር። አልቃሿ፣ ተቀባይዋ፣ ሙሾ አውራጅዋ፣ ሁሉም ያለ መሰለኝ። አንዳንዱ ድምፅ የማናችንም አልነበረም። ያቺ ንግሥት ያላለቀሰችውን አብራን አለቀሰችው ብል ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ እኔ የሰማሁትን አውቃለሁ።

መነኩሴው ተነሥተው እስኪወጣልን ቆሙ። ያለቅሱ እንደሆነ አላውቅም፣ ቆባቸውን ዝቅ አድርገውት ነበር። «ከወሰኑ ወዲህ ስለሆነ ለቅሶ አይከለከልም» ብቻ አሉ። ስንደክም የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም እዚያው ጸለዩለት። ከዚያ መስቀሉን ልጅቱ ግንባር ላይ አሳርፈው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። ሳይሰናበቱን በወይራዎቹ መሀል ተመለሱ።

ባለ ታንኳው ደረጃው ላይ ይጠብቀን ነበር። ሰምቷል፤ ሳይሰማ የቀረ ያለም አይመስለኝ። ያ ቀልደኛ ሰው ቆቡን አውልቆ ብድግ አለና፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አለን። ለልጄ ልጅ የተባለልን የመጀመሪያው ማጽናኛ ያ ነው፣ ከማናውቀው ሰው አፍ።

ልጅቱ ከጾሙ በፊት ተዳረች። አሁን ሞላሌ ናት፣ ወልዳለች፤ ሕፃኑ እኔን አያቴ ይለኛል፣ በሥጋ ምኑም ባልሆን። ስሄድ ከሱቁ ጓዳ ያስተኙኛል። ባሏ እውነትም ሚዛን አይጫንም።

ሰው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ እርጅናሽ ምነው አንድ ቦታ ብትቀመጪ?» ይለኛል። ለመሳለም ነው እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ግን በየሄድኩበት፣ ዓለም ከተማ መኪና ተራ ይሁን ደብረ ብርሃን፣ መጀመሪያ የማየው የወንዶችን ፊት ነው። አሁን ቢኖር ስንት ዓመት እንደሚሆነው፣ ጢሙ እንዴት እንደሚሸብት ሳስብ እውላለሁ። አላገኘሁትም። እንዳላገኘው እጸልያለሁ፣ ደግሞ እንዳገኘውም እጸልያለሁ፤ እግዜር የቱን እንደሚሰማ እሱ ያውቃል።

ካለ፣ አንድ ቀን ወደ ቀዬው ይመጣል። ቤቱ ደርሶ ከጎረቤት እንዲሰማው አልፈልግም፤ ሞላሌ ገበያ ላይ እሷን ከነልጇ ድንገት እንዲያያትም አልፈልግም። መርዶ እንደዚያ አይነገርም። ቀድሜው መንገድ ላይ ባገኘው፣ ከጥላ ሥር አስቀምጬው፣ ውሃ አጠጥቼው፣ እጁን ይዤ፣ እንደ ወጉ፣ አንተ ልጅ፣ እኛ እኮ አልቅሰንልሃል ብዬ እኔው ብነግረው ነው የምፈልገው።